የሐሙሱ ቁጥር

መምህር ታፈረን ሞተው ያገኟቸው ጎረቤታቸው እትዬ ገለቴ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ከመምህሩ ግቢ በታች፣ የድንጋዩ ካብ ባበቃበት ቁልቁለት ላይ ነጭ ነገር አዩ። መጀመሪያ ነፋስ የወሰደው ጋቢ መሰላቸው። ጠጋ ሲሉ ጋቢው ብቻውን አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ከላሊበላ ተነሥታ ብልባላ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ከኮምቦልቻ ወደዚህ አገር ከተዛወረች ስምንት ወሯ ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ለሥራ ካልሆነ በቀር ስልኳ ጮኾ አያውቅም። ይህን ብዙ ጊዜ ልብ አትለውም። ብቻውን የኖረ ሰው ሬሳ አጠገብ ስትቆም ግን ትዝ ይላታል።

የጤና ባለሙያው ሬሳውን አገላብጦ አየና፣ «ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመቷል። ከድንጋዩ ጋር ተላትመው ይሆናል» አላት።

«መቼ?»

«ብርዱ አስቸገረኝ። አንድ ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም። ላሊበላ ያሉት ሐኪሞች ሲያዩት የተሻለ ይነግሩሻል።»

ሰርካለም ጎንበስ አለች። ከመምህሩ አንገት ሥር የተሰበረ መነጽር አለ፤ ወፍራም፣ ለቅርብ ንባብ ብቻ የሚሆን። ከዚያ ካቡን ዞራ ወደ ቤቱ ወጣች። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሌላ መነጽር ተሰቅሏል። ዓይኗ ላይ ሞከረችው፤ ለሩቅ የሚሆን ነው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሲኒ። ግድግዳው ግን ሙሉ ነው፤ ከሁለት መቶ የማያንሱ ደብተሮች ከመሬት እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ተከድኖ ተቀምጧል። ሰርካለም ማንም ሳይገባ ከፈተችው። በየገጹ ራስጌ ቀን አለ፣ ከቀኑ ሥር አንድ ትልቅ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር በጥቃቅን ፊደል የተሞላ የማካፈል ሒሳብ፣ በመጨረሻም በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ ቃል። ረቡዕ፣ 1015942። ሐሙስ፣ 1015943። የሐሙሱ ቃል «ብቸኛ» ይላል። ከዚያ ወዲያ አንድ ባዶ ቅጠል ብቻ ቀርቷል።

ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስለ እሱ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው መምህር ደሳለን ነው። የታፈረ ተማሪ የነበረ፣ ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በመሀረብ ዓይኑን ይጠርጋል።

«እነዚህ ደብተሮች ምንድን ናቸው?» አለችው።

«ዕድሜያቸው ናቸው» አለ ደሳለ። «እዚህ ተመድበው ሲመጡ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። የሚያናግሩት ሰው አጡ። ከአንድ ሚሊዮን አንድ ጀመሩና በየቀኑ አንድ ቁጥር ይመረምሩ ገቡ። ከራሱ በቀር ያሉትን አካፋዮቹን ይፈልጋሉ፣ ይደምራሉ። ድምሩ ከራሱ ከቁጥሩ ካነሰ ‹ድሃ› ይሉታል፤ ከበለጠ ‹ባለጸጋ›። እኩል ከሆነ ‹ፍጹም› ነው፤ ፍጹም ግን በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ አልገጠማቸውም።»

«ብቸኛስ?»

«ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለው ነው። የሒሳብ መጽሐፉም እንደዚያው ነው የሚለው። ብቸኛ ቁጥር የደረሳቸው ቀን ያሳዝኑኝ ነበር፤ እስኪመሽ ከወንበር አይነሡም።»

«ቀን ዘለው ያውቃሉ?»

«በጦርነቱ ጊዜ ጫካ ውስጥ ሆነው በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ሠርተዋል። ስንመለስ ደብተር ላይ ገለበጡት።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ እንደነበረ፣ ሐሙስ ግን ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ተራራው ወጥቶ እንደነበረ ሳይጠየቅ ነገራት። «ማንም አላየኝም» ሲል ድምፁ ቀነሰ። ደብተሮቹን ለትምህርት ቤቱ እንዲሰጡ ብዙ ጊዜ ለምኗቸው እንቢ እንዳሉትም አልደበቀም።

ሐጂ ሙጂብ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ። ለአርባ ዓመት ለመምህር ታፈረ ደብተርና እስክሪብቶ የሸጡላቸው እሳቸው ናቸው።

«ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ» አሉ። «ደብተሩ ሲያልቅበት ቀድሞ ነው የሚገዛ፤ አስቀምጬለት ነበር። ‹አያስፈልገኝም› አለኝ። ወላሂ ደነገጥሁ። ‹ታመሃል?› ብለው ሣቀ። ሲሥቅ ስንት ዘመኔ ነው ሳላየው! ከዚያ ሽታ ያለው ሳሙናና ምላጭ ገዝቶ ሄደ።»

«ረቡዕ እርስዎ የት ዋሉ?»

«ከዚችው። ገበያተኛው ሁሉ ምስክሬ ነው። ሐሙስ ግን ዕቃ ላመጣ ላሊበላ ወርጃለሁ።»

የመምህሩ የእህት ልጅ ወንዴ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ላሊበላ አስጎብኚ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጫማው ንጹሕ። እናቱ ስለሞተች ለታፈረ ከእሱ በቀር ዘመድ የላቸውም። መሬት ላይ ተንበርክኮ ጮኾ አለቀሰ፤ ሰርካለም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከእሁድ በኋላ ዓለም ሊያውቀው ነበር» አላት ሲረጋጋ። «እኔ በስልክ ቀርጬ የለቀቅሁትን ስንት ሰው አየው መሰለሽ! ከውጭ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች እሁድ ሊመጡለት ነበር። ከተማው እንግዳ ባጣበት ጊዜ፣ በእሱ የተነሣ ሰው የእኔን ስም እየጠራ ይመጣል።»

«መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሳምንት። ረቡዕ አሞኝ ላሊበላ ቤቴ ተኝቼ ዋልሁ። ሐሙስ ከንጋት እስከ ማታ እንግዶች ይዤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ ነበርሁ፤ ጠይቂያቸው። አይ አጎቴ! ሐሙስ ሥራው ቀሎለት፣ ያው ብቸኛ ሲሆንበት ምን የሚጻፍ አለ፣ ደስ ብሎት ሊናፈስ ወጥቶ አዳልጦት ነው የሚሆን። ዓይኑ ደካማ ነበር እኮ።»

ሰርካለም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና አመሰገነችው።

እትዬ ገለቴ ዘንድ የሄደችው በመጨረሻ ነው። ቤታቸው ከመምህሩ ቤት ትይዩ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። በአጭሩ መለሱላት። ረቡዕ ገብስ አጨዳ ላይ ዋሉ፣ ሐሙስ ቤታቸው ነበሩ፣ ምንም አልሰሙም፣ ምንም አላዩም። ሲናገሩ መሬት መሬት ያያሉ።

ሰርካለም ልትወጣ ስትል ከጓሮው ጥግ የተከማቸ ላባ አየች። ቀይ፣ ገና ያልደረቀ። ከምድጃው አጠገብ ያለው ድስትም ክዳኑ አልተነሣም።

«ዶሮ አርደዋል እንዴ?»

እትዬ ገለቴ ድስቱን ወደ ጥግ ገፉት።

«ብቻዎን ለሚበሉት?»

«ልጄ፣ ተይኝ።»

«ማን አረደልዎት?»

«የቄሱ ልጅ። ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ለራሴ ነው አልሁት።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። «እንግዳ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። በቃ።»

ሰርካለም ከምድጃው ፊት ካለው መደብ ላይ ተቀመጠች። አልቸኮለችም። እሷም ለሁለት ሰው ሠርታ ብቻዋን በልታ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ እንዲህ ያለው ዝምታ እስኪፈታ ጊዜ እንደሚፈልግ ታውቃለች።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ ገለቴ በመጨረሻ። «‹ሐሙስ ምሳ አንቺ ዘንድ ነኝ፣ የምነግርሽ አለኝ› አለኝ። ሃያ ዓመት ከማዶ ከማዶ ‹እንደምን አደርሽ፣ እንደምን አደርህ› ስንባባል፣ ደፍሮ ወንዙን የተሻገረበት ቀን የለም። አብስዬ ጠበቅሁት። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ሐሳቡን ቀይሮ ነው አልሁ። ባሮጊትነቴ ተቀለደብኝ ብዬ አፈርሁ። ሄጄ ላየው ይገባኝ ነበር፤ ኩራቴ አሰረኝ።» ያልተከፈተውን ድስት አዩ። «እዚያ ወድቆ እኔ አኩርፌ ተቀመጥሁ።»

«ሐሙስ ለምን እንደመረጡ ነገሩዎት?»

«በቁጥር ነዋ፤ እሱ ያለ ቁጥር መች ያወራል! ፊደል ባልቆጥርም ቃሉን ይዠዋለሁ። ‹ከሺህ ሦስት የጎደለው አንድ ብቸኛ አለ፣ ከሺህ ወዲህ። ከሺህ በአሥራ ዘጠኝ የሚበልጥ ሌላ ብቸኛ አለ፣ ከሺህ ወዲያ። ሁለቱ ሐሙስ ይገናኛሉ። ብዙ ዓመት ጠበቅኋቸው› አለኝ። እኔ ምኑም አልገባኝም። እሺ አልሁት።»

ሰርካለም ማስታወሻዋን አወጣች። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ጻፈች፣ ከሥሩ አንድ ሺህ አሥራ ዘጠኝ። እንደ ተማሪ በእጅ እየያዘች፣ ሁለት ጊዜ እየሰረዘች አባዛቻቸው። የወጣውን ቁጥር ስታይ ለረጅም ጊዜ ከወረቀቱ ዓይኗን አላነሣችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በመምህር ታፈረ ግቢ ተሰበሰቡ። ደሳለና ሐጂ ሙጂብ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እትዬ ገለቴ ከግድግዳው ሥር፣ ወንዴ ቆሞ። ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ዘንድ ነበሩ። ሰርካለም የመምህሩን ብቸኛ ወንበር አውጥታ ደብተሩን ከላዩ ላይ አኖረችው።

«መምህር ታፈረ ሐሙስ ሊናፈሱ ወጥተው አዳለጣቸው ተብሏል» አለች። «ልንናፈስ ስንወጣ ግን የምናደርገው የሩቁን መነጽር ነው። የሩቁ ሚስማሩ ላይ ነው ያለው። ከሬሳው ሥር የተገኘው የንባቡ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛቸው በድንገት ተነሥተው፣ መነጽር ለመቀየር እንኳ ሳይችሉ ነው እዚያ ካብ ጫፍ የደረሱት።»

ደብተሩን ገለጠችና ለደሳለ ሰጠችው።

«የረቡዕን ገጽ አንብብልን።»

ደሳለ መነጽሩን አስተካከለ። «1015942። ለሁለት አካፍለውታል፤ 507971 ደርሷል። እሱን ደግሞ ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ... አልተካፈለም። ለመቶ ሃምሳ አንድ፣ ቀሪ ሰባት። ለመቶ ሃምሳ ሰባት፣ ቀሪ ሰባ ስድስት። ለመቶ ስድሳ ሦስት...» ቀና አለ። «እዚህ ላይ ቆሟል። ሒሳቡ መካከል ላይ።»

«በቀይ የሚጻፈው ቃልስ?»

«የለም።»

«አርባ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ያልዘለሉ ሰው የረቡዕን ሳይጨርሱ ወደ ሐሙስ ይሻገራሉ?»

«በፍጹም!»

«አሁን የሐሙስን።»

ደሳለ ገጹን ገለበጠ፤ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የሳቸው አይደለም። ፊደሉ ይመስላል፤ ግን ቁጥሩና ‹ብቸኛ› የሚለው ቃል ብቻ ነው ያለው። ብቸኛ ነው ለማለት እኮ ሁሉንም ማንኳኳት አለባቸው! ይህን ለሚያህል ቁጥር ከሁለት ጀምሮ እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው። ከሁሉም የሚረዝመው የብቸኛው ገጽ ነው።»

«ስለዚህ ይህን የጻፈው ሰው ልማዳቸውን ያውቃል፤ ሒሳቡን ግን አያውቅም። ‹ብቸኛ ምንም የለውም፣ ምንም አይጻፍበትም› ብሎ አጭሩን መረጠ። አንተ ብትሆን እንዲህ አትሳሳትም። እትዬ ገለቴ ፊደል አይጽፉም።» ሰርካለም ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች። «ደግሞም ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። መምህር ደሳለ፣ ከመቶ ስድሳ ስምንቱ የመጨረሻው ስንት ነው?»

«ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።»

«በአንድ ሺህ አሥራ ዘጠኝ አባዛው።»

ደሳለ በእጁ መዳፍ ላይ እየጻፈ ሠራው። «1015943። የሐሙሱ ቁጥር ነው። ሁለት ብቸኞች...»

«መምህር ታፈረ ይህን ከብዙ ዓመት በፊት ያውቁ ነበር። ቀኑን ቆጥረው ጠብቀውታል። ለሐሙስ ሳሙናና ምላጭ ገዝተዋል፤ አዲስ ደብተር ግን አያስፈልገኝም ብለዋል። ሐሙስን በሕይወት ቢያገኟት ኖሮ በቀይ የሚጽፉት ቃል ‹ብቸኛ› አይሆንም ነበር። መምህር ታፈረ የሞቱት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ሐኪሞቹም ዛሬ ጠዋት ደውለው ረቡዕን አላለፉም ብለውኛል።»

ከግድግዳው ሥር እትዬ ገለቴ ቀና አሉ።

«ታዲያ ሐሙስ በሕይወት የነበሩ እንዲመስል የፈለገ ማነው?» ሰርካለም ወደ ወንዴ ዞረች። «መምህር ደሳለ ረቡዕን ከተማሪዎቹ ጋር ነበር፤ ሐሙስን ግን ምስክር የለውም። ሐሙስ ለእሱ አይበጀውም። ሐጂም ረቡዕን ከሱቃቸው አልወጡም። ሐሙስን ከንጋት እስከ ማታ ምስክር ያለህ፣ ረቡዕን ግን ብቻህን ተኝቼ ዋልሁ ያልኸው አንተ ነህ። ከላሊበላ የሚመጣውን ሚኒባስ የሚነዳው ሰው ግን ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ብልባላ አውርጄዋለሁ ይላል።»

«ሌላ ሰው ይሆናል» አለ ወንዴ።

«ደብተሩን ማንም ሳይገባ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ጀምሮ ከቦርሳዬ አልወጣም። አንተ ግን ዓርብ ዕለት፣ ማንም ሳይነግርህ፣ የሐሙሱ ቁጥር ብቸኛ መባሉን ነገርኸኝ። ‹ብቸኛ ሲሆንበት ምን የሚጻፍ አለ› አልኸኝ። ይህን የሚያውቀው የጻፈው ብቻ ነው።»

ወንዴ ወደ በሩ አየ። ፖሊሶቹን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አልገፋሁትም» አለ። «‹ነገ እጨርሳለሁ፣ ከነገ ወዲያ ቁጥር የለም› አለኝ። እሁድ ድረስ ብቻ ጠብቅ አልሁት፤ ሰዎች ባሕር አቋርጠው ላንተ እየመጡ ነው፣ ታዋርደኛለህ አልሁት። ‹እኔ የምሄድበት አለኝ› ብሎ ሣቀ። ደብተሩን ነጥቄ ወጣሁ። ተከትሎኝ መጥቶ ያዘው። ካቡ ጫፍ ላይ መነጨቅሁት፤ እጁ ለቀቀ። ወደ ኋላ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ሲወድቁ ወዲያው ሞቱ?»

ወንዴ ጫማውን አየ።

«ወንዴ።»

«ስሜን ጠራኝ» አለ። «ሁለት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ፈራሁ። ወደ ቤት ገባሁ።»

«ገብተህ ጻፍህ» አለች ሰርካለም። «እየጠሩህ።»

ሐጂ ሙጂብ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ፖሊሶቹ ወንዴን ይዘውት ወጡ።

እትዬ ገለቴ ከግድግዳው ሥር ተነሥተው ወደ ሰርካለም መጡ። «ሐሙስ ስጠብቀው...» ብለው ቆሙ።

«ሐሙስ ሲጠብቋቸው በሕይወት አልነበሩም፤ ሐሳባቸውንም አልቀየሩም» አለቻቸው። ከዚህ የተሻለ ልትሰጣቸው የምትችለው ነገር አልነበራትም።

ቀብሩ እሁድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለሱ ለለቅሶ በተጣለው ዳስ ውስጥ ሰዉ ግራ ገባው። ሬሳ የሸኘ ሰው ሐዘንተኛውን ሳያጽናና አይሄድም፤ የሐዘንተኛው መቀመጫ ግን ባዶ ነው። የነበረው አንድ ዘመድ ታስሯል። ሽማግሌዎቹ «ማንን ነው የምናጽናናው?» እየተባባሉ ቆሙ። እትዬ ገለቴ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከዳሱ ምሰሶ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

ያን ጊዜ ሐጂ ሙጂብ ከወንዶቹ መካከል ወጥተው ዳሱን አቋረጡ። እትዬ ገለቴ ፊት ሲደርሱ ቆቡን ከራሳቸው አንሥተው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ገለቴ» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ከዚያ አንዲት ሴት የእትዬ ገለቴን ክንድ ይዛ አስነሣቻቸውና ወስዳ ባዶው መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻቸው። ደሳለ ቀጠለ፣ ከእሱ ኋላ ቄሱ፣ ከዚያ የቀረው አገር በሙሉ ተሰለፈ። እትዬ ገለቴ ለእያንዳንዱ «አሜን» ይላሉ፤ መጀመሪያ በማይሰማ ድምፅ፣ እየቆየ ግን እየጠራ።

ሰርካለምን መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃት ነበር። ሾፌሩን ቆይ ብላ በእጇ አመለከተችና ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች።